ሦስተኛው ጥንድ

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ባለመርዶው ገና ከመኝታው ሳይነሣ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። እኔ ግን የጓደኛዬን የደርሶን ሞት የሰማሁት በቀትር ነው፤ ለምሳ እጄን ስታጠብ። የድሮ ተማሪዬ ለምለም ከሰቆጣ ተነሥታ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዛ ደሴ የገባችው በዚያ ሰዓት ነው። ወጉን ልጠብቅ ብላ ብታድር ኖሮ ሌላ ሰው ይቀድማት ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ መምህር ደርሶ አረፉ» አለችኝ።

«እሱ? ሳይነግረኝ?» ብዬ ተቆጣሁ። ሚስቴ በዚህ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። እኔ ሲከፋኝ ቁጣ እንጂ እንባ ቶሎ አይመጣልኝም። ለምለም ግን ይህን ጠባዬን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ሰባተኛ ክፍል እያለች ደርሶ ሳይንስ፣ እኔ አማርኛና ግብረገብ አስተምረናታል። አሁን እሷም እዚያው ሰቆጣ አስተማሪ ናት። ደርሶን ወባ ይዞት ከቆላ ሲያመጡትም ያስታመመችው እሷ ናት። ቁጣዬ እስኪበርድ ጠበቀችና ከጉያዋ አንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አወጣች። ለእርስዎ ስጪ ብለውኛል አለችኝ። ሳነቃንቃት ውስጧ እንጨት ከእንጨት ተጋጨ። ምን እንዳለባት ስላወቅሁ አልከፈትኋትም፤ ከአልጋዬ ራስጌ አኖርኋት።

ደርሶን ያወቅሁት ሰቆጣ ተመድቤ በሄድሁ ዕለት ነው። ሁለታችንም ወንደላጤ ስለነበርን ዲሬክተራችን አንድ ቤት ፈልገው አብረን አስገቡን። ሳየው ችግረኛ መሰለኝ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ካፖርቱ አንድም ቁልፍ የሌለው፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደረቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ የሚይዝ ሰው ነበር። አዘንሁለትና በመርፌና ክር ማኖሪያዬ ውስጥ የነበሩኝን ትርፍ ቁልፎች ሰጠሁት። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ተቀበለኝ። በማግስቱ እነዚያን ቁልፎች ክፍል ውስጥ እንጨት ላይ ተቸንክረው አገኘኋቸው። ለካ የካፖርቱንም ቁልፎች የበላቸው ትምህርቱ ነው።

የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አገው። እናቱ ቤት ኽምጣንጋ እየተናገረ አድጎ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። እንደ ልቡ ይናገረዋል፤ ግን አንዳንድ ቃል ሲጠፋበት ቆም ይልና ጣቱን እያፍተለተለ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔ ደግሞ አፈ ፈጣን ነኝ፤ ሳያገኘው ቀድሜ እነግረዋለሁ። «ተባረክ» ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ «ኧረ ተወኝ፣ ራሴ ላግኘው» ቢለኝ ምን ነበረበት! መታረም እንዲያ የሚወድ ሰው ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አላየሁም። ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ስህተት ያሳየው ተማሪ ካለ ያን ተማሪ ከፊት ወንበር ያስቀምጠዋል። ለምለም ከፊት የተቀመጠችው በዚህ ነው።

አቶ እንድሪስ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል የሚጠቀልሉት በአሮጌ የፈረንጅ መጽሔት ነው። ደርሶ ስኳር የሚገዛው ለስኳሩ አይደለም፤ ለመጠቅለያው ነው። አቶ እንድሪስም ይህን አውቀው፣ ሥዕል ያለበት ሲመጣ ከሥር ደብቀው ያቆዩለታል። ቤታችን ከስኳር በቀር የሚበላ የማይገኝበት ሳምንት ነበር። እጮኻለሁ። እሱ ወረቀቱን በመዳፉ እያስተካከለ፣ ቆይ አንድ ጊዜ፣ ይህን ልጨርስ ይለኛል።

አንድ ቀን ታዲያ ስኳሩን መንገድ ለመንገድ እያፈሰሰ መጣ። ለማንበብ ቸኩሎ መጠቅለያውን እየሄደ ፈትቶት ኖሯል። ገጹ የሚያወራው በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ፣ ገብስም ይሁን በግ ሰውም ይሁን፣ ዘሩን የሚያኖርበት አንድ የተጠማዘዘ መሰላል በውስጡ እንዳለ ነው። መሰላሉ ሁለት ቋሚ አለው። ከአንዱ ቋሚ አንድ ቁራጭ፣ ከሌላው ቋሚ አንድ ቁራጭ ይመጣና መካከል ላይ ተያይዘው መወጣጫ ይሆናሉ። የቁራጮቹ ዓይነት አራት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ትልልቅ፣ ሁለቱ ትንንሽ። የሚያያይዛቸው የሃይድሮጅን ማሰሪያ ነው። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር የሚናገረው ግን ከታች ነበር፤ ታቹ ደግሞ ተቀዷል። ግማሹ ገጽ የሌላ ሰው ስኳር ጠቅልሎ ሄዷል።

ደርሶ በዚህ ሳምንት ከአቶ እንድሪስ ስኳር የገዛችሁ እያለ ሦስት ቀን ሰቆጣን ቤት ለቤት ዞረ። ሕዝቡ ስኳሩ ተመርዟል ብሎ ደነገጠ፤ አቶ እንድሪስም አኩርፈው ሰነበቱ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ወረቀቱን እሳት እንዳያያዘችበት ነገረችው። መጥቶ አልጋው ላይ ቁጭ አለና «አንድዳዋለች» አለኝ፤ ዘመድ የሞተበት ነው የሚመስለው። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ደጅ ወጣሁ።

የጎደለውን ከአገሩ ሞላው። ዋግ ውስጥ ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ብዙ አይደለም። አንድ አንድ ያላቸው ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን አጣምረው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን መሬት ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይሉታል። በዚያው ሰሞን በክፍሉ መስኮት ሳልፍ ድምፁን ሰምቼ ቆምሁ።

«ባልና ሚስት ከቆረቡ ማሰሪያው አይፈታም» ይላቸዋል። «በሞለኪውል ውስጥም እንዲህ ያለ ማሰሪያ አለ፤ ካልሰበራችሁት አይለቅም። የሃይድሮጅኑ ግን መቀናጆ ነው። ጠዋት ይጠመዳል፣ ማታ ይፈታል። በሬዎቹ ማታ ስለተፈቱ ተጣሉ እንዴ? ነገ ደግሞ ይጠመዳሉ። ደካማ ነው ብላችሁ አትናቁት። ጉልበቱ መፈታት መቻሉ ነው።»

የትኛው ከየትኛው ይጠመድ የሚለውን ደግሞ ለዋግ ልጅ ማን ይነግረዋል? ትልቅ በሬ ከትልቅ፣ ትንሽ ከትንሽ። አለዚያ ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ማረሻውም ከትልሙ ይወጣል። ደርሶም እንዲሁ አደረገ። አራቱን ቁራጮች ከዋንዛ ቀረጸ። በጠርዛቸው ላይ ወንዴና ሴቴ ያለውን፣ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚገጥመውን የብረት ቁልፍ ቸነከረባቸው። ትልቁ ከትልቁ ጠቅ፣ ትንሹ ከትንሹ ጠቅ። ልጆቹ በደስታ አበዱ። ሦስት ዓመት እንዲህ ተማሩ። አንዱ መወጣጫ ረጅም፣ ሌላው አጭር መሆኑን ማንም ልብ አላለውም፤ እኛ የምናውቀው መሰላል ሁሉ እንደዚያ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ገደማ ይሆናል፣ የተማሪዎቼን ድርሰት እያረምሁ ሳለ መጥቶ ደብተሮቹ ላይ እንጨቶቹን ዘረገፋቸው። ቁልፎቹን ነቅሎ በሌላ ቅደም ተከተል መትቷቸዋል። ሦስት ቁልፍ በአንድ ጠርዝ ላይ ሲደረደር፣ የቱ ጋ ወንዴ የቱ ጋ ሴቴ እንደሚሆን ብትለዋውጠው ሁለት ጥንድ ብቻ አይደለም የሚወጣው አለኝ። ሌላ ጥንድ ይወጣል፤ ከነባሮቹ ከአንዳቸውም ጋር የማይገጥም፣ እርስ በርሱ ብቻ የሚገጥም። ተፈጥሮ ያልሠራችው፣ ሰው ቢችል በእጁ ሊሠራው የሚችል ሦስተኛ ጥንድ።

«ፈጣሪ የተወውን አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ?» አልሁት። ደብተሮቼን አበላሽቶብኝ ስለነበር ተናድጃለሁ።

«ፈጣሪ ዛፉን እንጂ ሞፈሩን አልፈጠረም» አለኝ።

በዚህም አላበቃም። አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ለሚያስተምሩ አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ ደብዳቤ ጻፈ፤ አማርኛውን ያረምሁት እኔ ነኝ። አራቱ ቁራጮች እንዴት እንደሚጣመሩ ሥሎ፣ የራሱንም ሦስተኛ ጥንድ ሥሎ፣ ይህ ይሆናልን ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ፖስታ በመጣ ቁጥር ይሄዳል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። ወራት አለፉ። እኔ እንኳ ረሳሁት።

በዚህ መካከል ነው ነገር የመጣው። ማን እንደሆነ አላወቅንም፤ አንድ ሰው የሳይንስ መምህሩ በመጽሐፍ የሌለ ነገር ያስተምራል፣ ሰው ፍጥረት ይሠራል ይላል ብሎ ጻፈበት። ኢንስፔክተር እንደሚመጣ ተነገረን። ዲሬክተራችን ጠብ የማይወዱ ደግ ሰው ናቸው፤ ደርሶን ጠርተው እቅጩን ነገሩት። ምርመራው ካማረ ሳይንሱን እያስተማረ ይቀጥላል። ካላማረ ግን ሰሃላ አዲስ በተከፈተው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ሀሁ እንዲያስቆጥር ይላካል። ሳይንስ ከእንግዲህ የለም። ደርሶ ይህን ሲነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈራ አየሁት። ሀሁ ማስቆጠርን ንቆ አይደለም። ሰባተኛ ክፍል የጀመረውን ሳይጨርስ መሄድ እህል ሳያጭዱ አገር እንደመልቀቅ ሆነበት።

ኢንስፔክተሩ ሐሙስ ሊመጣ፣ ማክሰኞ ደብዳቤው ደረሰ።

ደርሶ ፖስታ ቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ደግሞ አነበበው። ሳቀ። እኔ የተሾመ መስሎኝ ሮጥሁ። ሊቁ የጻፉለት ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ትልቁ ከትልቁ አይጣመርም፤ ሁልጊዜ ትልቁ ከትንሹ ጋር ነው፤ አለዚያ የመሰላሉ መወጣጫዎች እኩል አይሆኑም፣ መሰላሉም ይጣመማል። ሁለተኛ፣ ስለ ሦስተኛው ጥንድ የጠየቀውን ጥያቄ በውጭ አገር አንዳንድ ሊቃውንት አንሥተውታል፤ ሠርቶ ያሳየ ግን ገና የለም። «ይህ ጥያቄ ከሰቆጣ ሲመጣልኝ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ አስተምር፣ ጠይቅ፣ ደግመህ ጻፍልኝ» ይላል መጨረሻው።

«ሦስት ዓመት ስህተት አስተማርሁ» አለኝ ደርሶ፤ አሁንም ይስቃል። «ከበሬ ነው የተማርሁት።»

እኔ አልሳቅሁም። ሐሙስ እስኪያልፍ ዝም በል አልሁት። ኢንስፔክተሩ ከዚህ ነገር አንዲቷን አያውቅም፤ ልጆቹ ጠቅ ካደረጉለት ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ዓርብ ታርመዋለህ። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ በእናቱ ስም ተማጸንሁት። ሰማኝ። ቢላዋውን አንሥቶ ይስል ጀመር። ረቡዕ ከትምህርት ወጥቶ እስኪመሽ እንጨት ሲቀርጽ ዋለ።

ሐሙስ ጠዋት እሱ ደጅ ፊቱን ሲታጠብ ደብዳቤዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አንሥቼ ካፖርት ኪሴ ከተትኋት። ለራሱ ብዬ ነው። ደብዳቤዋን ካላገኛት ወኔው ይከዳውና ዝም ይላል ብዬ ነው። ይህን ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ደርሶ ሰሃላ ከሄደ እዚያ ቤት ብቻዬን ልቀር ነው የሚል ፍርሃት ነው።

ኢንስፔክተሩ ከረባቱን እየነካካ ገባ። ዲሬክተሩ አሉ፣ መምህራኑ አለን፣ በግድግዳው ጥግ ደግሞ ከወላጆች የተጠሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ አንዱ አያ ፈንታ ናቸው፣ የለምለም አባት፣ ገበሬ። ደርሶ መሰላሉን አቆመ። ኢንስፔክተሩ ለምለምን አስነሣትና ቁራጮቹን አጣምሪ አላት። እንደ ተማረችው ትልቁን ከትልቁ ጠቅ፣ ትንሹን ከትንሹ ጠቅ አደረገችና ምክንያቱን በመቀናጆ አስረዳች። ኢንስፔክተሩ ፊቱ ፈካ። ጎሽ፣ ማለፊያ ነው አለ። እንዲህ በአገር ምሳሌ የሚያስተምር መምህር አላየሁም ብሎ ወደ ዲሬክተሩ ዞረ። ዲሬክተሩ ትንፋሽ ሲያወጡ ሰማኋቸው። አለቀ፣ ተረፈ አልሁ በልቤ።

ደርሶ ተነሣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ። ልጅቱ ያደረገችው እኔ ያስተማርኋትን ነው። እኔ ያስተማርኋት ግን ስህተት ነው።»

ከኪሱ ረቡዕ ሲቀርጻቸው የዋላቸውን አዳዲስ ቁራጮች አወጣ። ትልቁን ከትንሹ፣ ሌላውን ትልቅ ከሌላው ትንሽ ገጠመና መሰላሉ ላይ ሰካቸው። መወጣጫዎቹ እኩል ሆኑ፤ መሰላሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጆቹ አጉረመረሙ። ትልቅ በሬ ከትንሽ እንዴት ይጠመዳል አለ ከኋላ አንዱ። ይኼኔ አያ ፈንታ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው።

«እኔ ማንበብ አላውቅም፤ በሬ ግን አውቃለሁ» አሉ። «ወይፈን የሚገራው ከማን ጋር ተጠምዶ ነው? ከወይፈን ጋር ከሆነ ሁለቱም ገደል ይገባሉ። ካረጀው በሬ ጋር ነው። ትልቅ ከትንሽ መጥመድ እኛም እናውቅበታለን። መምህር ቢጠይቁኝ ድሮ እነግራቸው ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደርሶ ራሱ አያ ፈንታን እጅ ነሥቶ ሳቀ። ያልሳቀው ኢንስፔክተሩ ብቻ ነው፤ አሁን ጎሽ ያለው ነገር ስህተት ሆኖበት በሰው ፊት አፍሯል።

ስህተት መሆኑን መቼ አወቅህ ብሎ ጠየቀው። ማክሰኞ አለ ደርሶ። በምን? ከዩኒቨርስቲ በመጣ ደብዳቤ። «አምጣው» አለ ኢንስፔክተሩ።

ደርሶ ካፖርቱን ዳበሰ። መጽሐፉን ገለጠ፣ አራገፈ። እንደገና ካፖርቱን ዳበሰ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። የቁጣ ዓይን አልነበረም። አንድ የአማርኛ ቃል ሲጠፋበት፣ እስክነግረው እየጠበቀ የሚያየኝ አስተያየት ነው። ሌላ ጊዜ ሳያገኘው ቀድሜ የምነግረው ሰውዬ ያን ዕለት ምላሴ ተሳሰረ። ደብዳቤዋ ኪሴ ውስጥ ትከብደኝ ነበር። ባወጣት ለምን ኪስህ ገባች ልባል ነው፤ በተማሪዎቼ ፊት፣ ያውም ግብረገብ አስተማሪ። ባለፈው ሳምንት ያስተማርኋቸው ስለ ታማኝነት ነበር። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ፤ አንዲት እርምጃ። አልተራመድሁም።

«ቤት ረስቻት መጥቻለሁ» አለ ደርሶ።

ኢንስፔክተሩ «ሦስት ዓመት ስህተት አስተምሮ፣ ማስረጃ ሲጠየቅ ቤት ረሳሁ የሚል መምህር!» ብሎ፣ እስኪያመጣት እንኳ ሳይጠብቅ ማኅደሩን ዘግቶ ሄደ። ያቺ ደብዳቤ ብትወጣ ኖሮ ከዩኒቨርስቲ የመጣ ምስክር ነበረች። «አስተምር» ትል ነበር፤ በግልጥ ተጽፎባታል።

ከእሱ ቀድሜ ቤት ሮጥሁና ደብዳቤዋን ከነበረችበት መለስኋት። ሲገባ አያት። አንሥቶ በአራት አጠፋትና መጽሐፉ ውስጥ አደረጋት። እዚህ ነበረች ለካ ብቻ አለ። ከዚያ ማሰሮውን አነሣና እጄን እንድታጠብ ውኃ አፈሰሰልኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ ሰሃላ ተመደበ። በቅሎ ላይ የጫነው አንድ አጎዛ፣ አንድ ሣጥን መጽሐፍና ያችኑ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነው። ልጆቹ እስከ ከተማው ዳር ሸኙት። እኔ ትከሻውን ስሜው ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን «ካፖርትህን ቁልፍ አስተክልበት፣ ብርድ ይመታሃል» የሚል ነው። ሰሃላ ደግሞ ቆላ ነው፤ ምን ብርድ አለበት!

በዓመቱ የፋሲካ ዕረፍት በቅሎ ተከራይቼ፣ የሁለት ቀን መንገድ ሄጄ ጠየቅሁት። ከሰል መስሎ ጠቁሯል። ልጆቹን በአጥር ጥላ ሰብስቦ ሀሁ ያስቆጥራል፤ አንድ ሁለትን የሚያስተምራቸው ግን በእነዚያው የዋንዛ ቁራጮች ነው። ሦስተኛውን ጥንድ እንደገና ሠርቶታል፤ አሁን አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው። ለሊቁም ደግሞ ጽፎላቸው ነበር። ምሳ ቀርቦልን ሳለ ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ደርሶ፣ ያቺ ደብዳቤ» አልሁት። «እኔ ነኝ የወሰድኋት።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ኪሴ ውስጥ ነበረች። አንተ ስትፈልጋት...»

«አውቃለሁ አልሁህ እኮ። ለሚያውቅ ሰው ምን ትናዘዛለህ? የማያውቅ ስታገኝ ንገረው።» ሦስተኛውን ጥንድ አነሣና እጄ ላይ አኖረው። «ፍታው» አለኝ። ጎተትሁት፤ ጠቅ ጠቅ ብሎ ተለያየ። «ተሰበረ?» አልተሰበረም አልሁት። «እንግዲያው ግጠመው።» ገጠምሁት። «በቃ። ዶሮው ሳይቀዘቅዝ እንብላ።»

በላን። ሦስት ቀን ሰነበትሁ፤ ስንጨቃጨቅ፣ አማርኛውን ሳርመው፣ ተባረክ ሲለኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ወደ ደሴ ተዛወርሁ፣ አገባሁ። እሱ እዚያው ቀረ። ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር፤ ሦስተኛው ጥንድ ዛሬም አልተሠራም ወይ ብሎ ሳይጠይቀኝ አይፈርምም፣ እኔ ከወዴት አውቄ።

ለምለም ሐዘን ተቀምጣ በሦስተኛው ቀን ልትመለስ ስትነሣ ቆርቆሮዋን ከፈትኋት። ሁለቱ ቁራጮች ተለያይተው ተቀምጠዋል። አንዲት ቁልፍ ዝጋ ወልቃለች። የተጠቀለሉበት ወረቀት ያቺ ደብዳቤ ናት፤ እጥፋቷ አልቆ በአራት ልትበጠስ ደርሳለች። ለምለም ስታያት ፈገግ አለች። መምህር ሰቆጣ በመጡ ቁጥር ክፍሌ ገብተው ለልጆቹ ያነቡላቸው ነበር አለችኝ። ስህተትን ማረም እንዲህ ነው እያሉ። መጨረሻ ላይም ሁልጊዜ፣ «ያን ዕለት እኔው ቤት ረስቻት እንጂ» ይሉ ነበር።

ለራሱ አንዲት ውሸት አልሆንልህ ብላው ሥራውን ያጣ ሰው፣ ለእኔ ሲል እስኪሞት ዋሸ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ለምለም፣ ደብዳቤዋ ቤት አልቀረችም» አልኋት። «እኔ ሰርቄያት ኪሴ ውስጥ ነበረች። እየፈለጋት እያየሁት ዝም አልሁ።»

ለምለም አልደነገጠችም። ነጠላዋን አስተካከለችና ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ፊት ወንበር ነበርሁ» አለችኝ። «የፖስታው ጫፍ ከኪስዎ ወጥቶ ይታየኝ ነበር። ከክፍል እንደወጣን ለመምህር ነገርኋቸው። ‹ዝም በዪ፤ እሱ ራሱ ይነግርሻል› አሉኝ። ይህችን ቆርቆሮ ሲሰጡኝም ‹አንቺው ውሰጂለት፣ አሁን ይነግርሻል› ነው ያሉኝ።»

እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱን ቁራጮች በደበዘዘ ዓይኔ አገናኝቼ ተጫንኋቸው፤ በቀሩት ሁለት ቁልፎች ያዙ። ቁራጮቹንም ደብዳቤዋንም መልሼ ቆርቆሮዋ ውስጥ አደረግሁና ለለምለም ሰጠኋት። ለልጆቹ ስታነብላቸው ያን ዕለት ደብዳቤዋ የት እንደነበረች ጨምራ እንድትነግራቸው፣ ስሜንም እንዳትደብቅ አደራ አልኋት።